ተቃቅፈው የሚስቁ መሪዎች እውነት ይተማመናሉ?

ጥያቄ፦ «የሁለት ባላንጣ አገር መሪዎች አንድ ቀን ብድግ ብለው ሲተቃቀፉ እናያለን። ሕዝቡ እልል ይላል። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ይደፈርሳል። ለመሆኑ አገር እንደ ሰው መተማመን ይችላል? የአሜሪካው ሬጋንና የሶቪየቱ ጎርባቾቭ ስለተዋደዱ አይደል ቀዝቃዛው ጦርነት ያበቃው? ‹እመን፣ ግን አረጋግጥ› የሚሉት አባባልስ ራሱን በራሱ አያፈርስም? ካረጋገጥኩ መቼ አመንኩ? እኔ በበኩሌ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ባይ ነኝ። ሳይኮሎጂው ምን ይላል?»

መልስ፦ በመጀመሪያ መዋደድንና መተማመንን እንለያቸው። ጥያቄው ሁለቱን አንድ ላይ ስላሰራቸው ቀሪው ሁሉ ተጣሟል። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የሰፈር ባለሱቅ ስኳር በዱቤ ሲሰጥዎ የግድ ወዶዎት አይደለም። ቤትዎን ያውቀዋል። ያለፈውን ወር እንደከፈሉ ደብተሩ ላይ አለ። ቢክዱት ሰፈሩ እንደሚሰማም ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። እንዲያም ሆኖ ስኳሩ ከእጁ ወጥቷል፤ ቢከዳ የሚጎዳው እሱ ነው። መተማመን ይኸው ነው። ሌላው ሊጎዳኝ የሚችልበት ቦታ ላይ ራሴን አስቀምጣለሁ፤ አይጎዳኝም ብዬም እገምታለሁ። እጅ በእጅ ከከፈሉ መተማመን ከነጭራሹ አያስፈልግም። ካሜራ ፊት መተቃቀፍም ከእጅ በእጅ ግዢ ብዙ አይርቅም። የእቅፍ ፎቶ ሲያዩ «ይዋደዳሉ ወይ?» ከማለትዎ በፊት «ከእጃቸው ምን ወጣ?» ብለው ይጠይቁ።

ሳይዋደዱ መተማመን እንደሚቻል የሚያሳዩኝ የግብፁ አንዋር ሳዳትና የእስራኤሉ ሜናኼም ቤጊን ናቸው። በሴፕቴምበር 1978 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር ሁለቱን ካምፕ ዴቪድ ወደሚባለው ማረፊያው ወስዶ 13 ቀን አቆያቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊት ለፊት አገናኛቸው። ጭቅጭቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለያያቸውና ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሲመላለስ ሰነበተ። ሽማግሌ የተጣሉ ባልና ሚስትን በተለያየ ክፍል አስቀምጦ እንደሚያስታርቀው ማለት ነው። ስምምነቱ ወጣ፤ በማርች 26 ቀን 1979 የሰላም ውሉ ተፈረመ። በኦክቶበር 1981 ሳዳት በወታደራዊ ሰልፍ ላይ ተገደለ። እስራኤል በዚያን ጊዜ ከግብፅ ከያዘችው ከሲና የቀረውን መሬት ገና አላስረከበችም ነበር። ቤጊን «የተዋዋልኩት ሰው ሞቷል» ብሎ መቅረት ይችል ነበር። አልቀረም። በኤፕሪል 25 ቀን 1982 ጦሩ ለቅቆ ወጣ።

ለምን? ውሉ በሁለት ሰዎች ልብ ላይ ስላልቆመ ነው። ሲና ውስጥ ማን ስንት ወታደርና ምን ዓይነት መሣሪያ የት እንደሚያቆም በቀጣና ተከፋፍሎ ተወስኗል። ይህን የሚያይ ዓለም አቀፍ ታዛቢ ኃይል ከ1982 ጀምሮ እዚያው አለ። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ፍቅር ሰፍኗል የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በሁለቱ አገሮች መካከል ግን ጦርነት አልተመለሰም።

አሁን ወደ ሳይኮሎጂው። አገር ልብ የለውም፤ ስለዚህ አገር አያምንም፣ አይጠራጠርም። የሚያምኑትና የሚጠራጠሩት በየወንበሩ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። መሪው አለ፣ ጄኔራሉ አለ፣ የስለላ መሥሪያ ቤቱ አለ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ደግሞ አንድ አይደለም። ሰላዩ ደመወዝ የሚበላው ለመጠርጠር ነው። «ዛሬ ምንም አላየሁም» ብሎ ቢጽፍ ማን ያመሰግነዋል?

የ1983 ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሶቪየቱ ኬጂቢ ከ1981 ጀምሮ «ርያን» የሚባል የስለላ ዘመቻ ያካሂድ ነበር። ዓላማው ምዕራቡ ድንገተኛ የኑክሌር ጥቃት ሊሰነዝር መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ለንደን ያሉት ሰላዮች የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሕንፃ ማታ ማታ ስንት መስኮቱ መብራት እንደሚበራ እንዲከታተሉ ታዘዙ። ለደም ለጋሾች የሚከፈለው ዋጋ ጨምሮ እንደሆነም እንዲያዩ ተነገራቸው። እንግሊዝ ውስጥ ለጋሽ ገንዘብ እንደማይከፈለው ሞስኮ አታውቅም ነበር! ሰላዮቹ በነገሩ ብዙም ሳያምኑበት የተጠየቁትን ጽፈው ይልኩ ነበር። ሞስኮ ደግሞ ሪፖርቱ ሲከመር «ይኸው፣ ማስረጃው በዛ» ትላለች። ይህን ሁሉ የነገረን ከኬጂቢ ውስጥ ሆኖ ለእንግሊዝ ይሠራ የነበረው ኦሌግ ጎርዲየቭስኪ ነው።

በዚያው ዓመት ሬጋን በማርች ወር ሶቪየትን «የክፋት ኢምፓየር» አላት። ያው ወር ሳያልቅ ሚሳይልን ሰማይ ላይ የሚያከሽፍ መከላከያ እንሠራለን አለ። በሴፕቴምበር 1 ቀን ሶቪየቶች የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መትተው 269 ሰው አለቀ። በኖቬምበር ኔቶ «ኤብል አርቸር» የተባለ ልምምድ አደረገ። የኑክሌር መሣሪያ የመተኮስ ትእዛዝ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚፈተንበት ልምምድ ነው። ሶቪየቶች ምሥራቅ ጀርመንና ፖላንድ ውስጥ ያሉ አውሮፕላኖቻቸውን በተጠንቀቅ አቆሙ። ምን ያህል ለጦርነት እንደቀረቡ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ፍርሃቱ ግን የነበረ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሬጋን በኖቬምበር 18 ቀን ማስታወሻው ላይ ሶቪየቶች ጥቃት ይደርስብናል ብለው ክፉኛ እንደሚሰጉ ጻፈ። ለስላሳ ሆነን ሳንታይ፣ እዚህ እነሱን ሊወጋ የሚያስብ ሰው እንደሌለ ልንነግራቸው ይገባል የሚል ሐሳብ ነበር ያሰፈረው። ሰውየው ሥልጣን ከያዘ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ «እኛ ቀድመን እንደማንተኩስ መቼም ያውቃሉ» ብሎ ነበር የሚያስበው። እነሱ እሱን እንደሚፈሩት አልታየውም።

ችግሩ ሬጋን ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ ጠባይ ነው። እኔ መሣሪያ ስገዛ ምክንያቴን አውቃለሁ፤ ፈርቼ ነው። ጎረቤቴ ሲገዛ ግን ምክንያቱ አይታየኝም፤ መሣሪያው ብቻ ነው የሚታየኝ። ስለዚህ «ጠባዩ ነው፣ ክፉ ነው» እላለሁ። እሱም ስለ እኔ እንዲሁ ይላል። ሁለታችንም ለመከላከል ብለን እንገዛለን፤ ሁለታችንም ከቀድሞው ይበልጥ እንሰጋለን። በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ይህን «የደኅንነት አጣብቂኝ» ይሉታል። ሮበርት ጀርቪስ የሚባለው ምሁር ሥነ ልቦናዊ ሥሩን በ1970ዎቹ በደንብ ቆፍሮታል። ዋናው ነጥቡ፣ ሰው ራሱ ሌላውን ሊያስፈራ እንደሚችል መገመት ያቅተዋል የሚለው ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዴ «ይህ ሰው ክፉ ነው» ብሎ የደመደመ አእምሮ፣ መልካም ሥራንም ወደ ክፋት ይተረጉመዋል። ኦሌ ሆልስቲ የሚባል ምሁር የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወርን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ፎስተር ደለስን አጥንቶ ያገኘው ይህንን ነው። በ1956 ሶቪየት ጦሯን በ1.2 ሚሊዮን ሰው እንደምትቀንስ አስታወቀች። ደለስ ምን አለ? ሰዎቹ የአቶሚክ ቦምብ ከሚሠሩ ዘብ ቆመው ቢውሉ እመርጣለሁ የሚል ነገር። ቢጨምሩ ጠብ ፍለጋ፣ ቢቀንሱ ተንኮል። እንዲህ ያለ አእምሮ ፊት ሌላው ምን ቢያደርግ ይታመናል? ምንም። እስራኤልም ውስጥ ሳዳት በኖቬምበር 1977 ኢየሩሳሌም ሊመጣ ሲል የጦር ኃይሎች ኢታማዦር ሹሙ ማታለያ ሊሆን እንደሚችል በጋዜጣ አስጠንቅቆ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በድንገት የተወጋ ጦር መሪ ነውና አልፈርድበትም። ሳዳትም በእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ ቆሞ በመካከላችን ያለው የሥነ ልቦና ግንብ የችግሩ 70 በመቶ ነው አለ። ቁጥሩ የሒሳብ ሳይሆን የንግግር ነው። ሐሳቡ ግን ከቁም ነገር የሚገባ ነው።

እንግዲህ መሪዎች ተገናኝተው ፊት ለፊት ቢተያዩ ይህ ግንብ አይፈርስም ወይ? አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ግን ይጠንቀቁ። ሰው የሌላውን ዓይን አይቶ ልቡን ያወቀ ይመስለዋል፤ በዚህ ረገድ ደግሞ ሁላችንም ከችሎታችን በላይ እንተማመናለን። የእንግሊዙ ኔቪል ቻምበርሌን በሴፕቴምበር 1938 ሂትለርን አግኝቶት ሲመለስ፣ ቃል ከሰጠ የሚታመን ሰው መስሎ እንደታየው ለእህቱ ጻፈላት። ስድስት ወር ሳይሞላ ሂትለር ፕራግ ገባ። ጆርጅ ቡሽ በ2001 ስሎቬኒያ ላይ ፑቲንን ዓይኑን አይቼ ነፍሱን ተረዳሁ አለ። የቀረውን ያውቁታል። ዓይን ማየት መጥፎ አይደለም። ማስረጃ ግን አይሆንም።

የሬጋንና የጎርባቾቭ ነገርም ከዚህ አንፃር ሲታይ እርስዎ እንዳሉት አይደለም። በጄኔቫ በ1985 ተገናኙ፤ ተግባቡ። በኦክቶበር 1986 ሬይኪያቪክ ላይ እንዲያውም የኑክሌር መሣሪያን ጨርሶ ስለማጥፋት እስከ ማውራት ደረሱ። ያን ያህል ተቀራርበው ግን ባዶ እጃቸውን ተለያዩ። በሰማዩ መከላከያ ጉዳይ አልተስማሙማ! መዋደድ ቢበቃ ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ባለቀ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ሌላ ነው። ጎርባቾቭ ከእጁ ማውጣት ጀመረ። በኦገስት 1985 የኑክሌር ሙከራን ብቻውን አቆመ። አሜሪካ አልተከተለችውም፤ ዋሽንግተን «ፕሮፓጋንዳ ነው» ብላ ገፋችው። እሱ ግን ዓመት ከመንፈቅ ቀጠለበት። በ1986 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ካዛክስታን ካለው የሙከራ ቦታ አጠገብ የመሬት ንዝረት መለኪያ እንዲተክሉ ፈቀደ። በፌብሩዋሪ 1987 የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን ጉዳይ ከሰማዩ መከላከያ ነጥሎ ለብቻው ለመፈራረም ተስማማ። በዲሴምበር 1988 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆሞ ጦሬን በ500,000 ሰው እቀንሳለሁ አለ። እያንዳንዱ እርምጃ አገር ቤት ዋጋ ያስከፍለዋል። ለማታለል የሚፈልግ ሰው ያን ያህል አይከፍልም። ሌላውን የሚያሳምነውም ይህ ነው።

ቻርለስ ኦስጉድ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ይህንን መንገድ ገና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወረቀት ላይ አስቀምጦት ነበር። ትንሽ ነገር ምረጥ። ልታደርገው እንደሆነ አስቀድመህ በአደባባይ ተናገር። መልስ ሳትጠብቅ አድርገው። መልስ ካልመጣም ደግመው። መከላከያህን ግን አታፍርስ። መልካም መልስ ሲመጣ የሚቀጥለውን እርምጃ ትንሽ ከፍ አድርገው። ቀላል ይመስላል። ከባዱ «ደግመው» የሚለው ላይ ነው፤ መጀመሪያ የዘረጉት እጅ ሳይጨበጥ ሲቀር የአገር ቤት ሰው «አዋረድከን» ይላልና።

አሁን «እመን፣ ግን አረጋግጥ» ወደሚለው። የሩሲያ ተረት ነው። ሬጋን ከመውደዱ የተነሳ ጎርባቾቭ በሚሳይሎቹ ውል ፊርማ ዕለት «በየስብሰባው ትደግመዋለህ» ብሎት ታዳሚው ስቋል። እርስዎ ካረጋገጥኩ መቼ አመንኩ ይላሉ። እቁብ ገብተው ያውቃሉ? እቁብተኛው ይተዋወቃል፤ ይተማመናል። ሆኖም ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው መዝገብ ይይዛሉ። ዋስ በመጠየቁ የተቀየመ እቁብተኛ አይቻለሁ እንዳይሉኝ። ዋሱ መተማመኑን አያፈርሰውም፤ የሚያውቁትን አሥር ሰው ብቻ ሳይሆን የማያውቁትን ሃምሳ ሰው ጨምሮ እቁቡ እንዲሰፋ ያደርገዋል። ማረጋገጫ ለአገሮችም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

በዲሴምበር 8 ቀን 1987 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመውን የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ውል ይውሰዱ። ሁለቱ አገሮች በድምሩ 2,692 ሚሳይል አጠፉ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ አኗኗሩ ነው። አሜሪካውያን ተቆጣጣሪዎች ቮትኪንስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ፣ ሚሳይል ፋብሪካው በር ላይ ቤት ተሠርቶላቸው ሰፈሩ። (ቮትኪንስክ የሙዚቃ ሊቁ ቻይኮቭስኪ የተወለደባት ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ታስተናግዳለች ብሎ ማን ጠበቀ?) ሶቪየቶችም ዩታ ግዛት ውስጥ ማግና በምትባል ቦታ የአሜሪካውን ፋብሪካ በር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ቀንና ማታ ከበሩ የሚወጣውን ጭነት ያያሉ። ተቆጣጣሪ ጠላትን በር ላይ ማኖር ራሱ መጋለጥ ነው። ማረጋገጥና ማመን እዚህ ላይ አንድ ሥራ ሆኑ።

ብራዚልና አርጀንቲናም ሌላ ጥሩ ትምህርት ናቸው። ሁለቱም በወታደር አገዛዝ ዘመናቸው በድብቅ ዩራኒየም ያበለጽጉ ነበር። ሲቪል መሪዎች ሲመጡ የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ሳርኔ በ1987 የአርጀንቲናን የፒልካኒዬው ማበልጸጊያ ጣቢያ፣ የአርጀንቲናው አልፎንሲን በ1988 የብራዚልን የኢፔሮ ጣቢያ ገብተው አዩ። ከዚያ በ1991 የጋራ የቁጥጥር ድርጅት አቋቋሙ። አሠራሩ ልዩ ነው፤ ብራዚል ውስጥ የሚፈትሸው አርጀንቲናዊ ነው፣ አርጀንቲና ውስጥ የሚፈትሸው ብራዚላዊ። ከመሪዎቹ ጉብኝት ይልቅ ለዘለቄታው የጠቀመው የባለሙያዎቹ መመላለስ ይመስለኛል። መሪ ሲለወጥ እነሱ ይቆያሉ።

ወደ እኛ እንምጣ፤ ጥያቄው ሲጻፍ በልብዎ የነበረው የ2018ቱ የአሥመራ እቅፍ ሳይሆን አይቀርም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በሜይ 1998 ባድመ ላይ ጀመረ። በዲሴምበር 12 ቀን 2000 የአልጀርሱ ስምምነት ተፈረመ። በኤርትራ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የደኅንነት ቀጣና ተከለለ፣ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ገቡ። በኤፕሪል 2002 የድንበር ኮሚሽኑ የመጨረሻና አስገዳጅ የተባለውን ውሳኔ ሰጠ። ባድመ ለኤርትራ ተወሰነች፤ ውሳኔው መሬት ላይ ሳይወርድ ቀረ። ታዛቢዎቹም በ2008 ወጡ። እዚህ ላይ ማረጋገጫ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ግን ከእጁ ምንም ማውጣት አልፈለገም። ታዛቢ ብቻውን መተማመንን አይወልድም።

በጁላይ 2018 ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ። ስልክ ተከፈተ፤ ሰው የማያውቀውን የአሥመራ ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር አለቀሰ። አውሮፕላን በረረ፤ ኤምባሲ ተከፈተ። በሴፕቴምበር 11፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ የዛላምበሳ መንገድ ተከፈተ፤ ሃያ ዓመት የተለያየ ዘመድ ተገናኘ። ያ ደስታ ውሸት ነበር የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ነገር ግን መንገዱ ሲከፈት የቪዛው፣ የቀረጡና የምንዛሪው ደንብ ለሕዝብ በግልጽ አልታወጀም። ድንበሩም ችካል አልተተከለለትም። ነገሩ የቆመው በመሪዎች ፈቃድ ላይ ነበር። መንገዶቹ በወራት ውስጥ ተራ በተራ ተዘጉ፤ ነጋዴው ለምን እንደተዘጋ እንኳ የሚነግረው አጣ። አንደኛው ጊዜ ቁጥጥር ያለ መጋለጥ፣ ሁለተኛው ጊዜ መጋለጥ ያለ ቁጥጥር። ሁለቱም አላዋጣም።

የአባይንም ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ፤ ካላነሳሁት ደብዳቤ ይመጣብኛል። በማርች 23 ቀን 2015 ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆዎች ስምምነት «መተማመንን መገንባት» የሚል አንቀጽ አለው። ምን ይላል? ከግድቡ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ የመግዛት ቅድሚያ ለታችኞቹ አገሮች ይሰጣል ይላል። ጥሩ ነው። ግን የካይሮ ፍርሃት የመብራት እጥረት ሆኖ አያውቅም፤ የድርቅ ዓመት ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ፍርሃት ደግሞ እሷ ባልፈረመችው የ1959 የግብፅና የሱዳን ውል ታስራ መቅረት ነው። መድኃኒቱ ከሕመሙ ጋር አልተገናኘም። መተማመን ሲገነባ ሌላው የሚፈራውን ነገር ለይቶ መንካት ያስፈልጋል። እኛ ልንሰጥ የሚቀለንን መስጠት ብዙ አይረዳም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ወሰኑን ልናገር። ሳይኮሎጂ የሚፈታው ሳይፈልጉ የሚፈራሩትን ነው። አንዱ ወገን በእርግጥ መውረር ከፈለገ፣ ፍርሃቱን መረዳትና ትንንሽ እርምጃ መውሰድ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ አይለውጠውም። የ1938ቱ ችግር አለመግባባት አልነበረም። ሂትለር የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። ከሩቅ ሆነን የሚፈራውን ከሚመኘው መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እርምጃ ስህተት ብትሆን የማትገድል መሆን አለባት። የሌላውን ፍርሃት መረዳትም ከእሱ ጋር መስማማት ማለት አይደለም። ሬጋን የሶቪየትን ስጋት ሲረዳ ኮሚኒስት አልሆነም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በመተማመን ይጀመር የሚለውንም፣ ከማንም ጋር መተማመን አይቻልም የሚለውንም ይተዉት። ትንሽ ከእጅ የሚወጣ ነገር፣ በቦታው ቆሞ የሚያይ ዓይን፣ ከመሪው በታች ያሉ ሰዎች የለመዱት የሥራ ግንኙነት፤ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለ የእቅፉን ዜና በዜናነቱ ብቻ ይውሰዱት። ሦስቱም ካሉ መሪዎቹ ሲተያዩ ፊታቸው ቢኮሳተርም አይጨነቁ። ፈረሱንም በተመለከተ፣ አባባሉ የጣለውን ፈረስ ነው የሚወቅሰው። ልጓም ነበረው ወይ ብሎ አልጠየቀም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀረኛል። ማረጋገጫም ዕድሜ አለው። የቮትኪንስክና የማግና ተቆጣጣሪዎች ሥራ በውሉ መሠረት ከ13 ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2001 አበቃ። ሰዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ውሉ ግን አልተሻረም። ከ2014 ጀምሮ አሜሪካ ሩሲያን የተከለከለ ሚሳይል ሠርታለች ብላ በይፋ ከሰሰች። ሩሲያም ሩማንያ የተተከለው የአሜሪካ ማስወንጨፊያ ውሉን ይጥሳል ብላ መልሳ ከሰሰች። ያን ጊዜ ገብቶ አይቶ «ይኸኛው እውነት፣ ያኛው ሐሰት» የሚል ተቆጣጣሪ በሁለቱም አገር አልነበረም። በኦገስት 2 ቀን 2019 ውሉ ፈረሰ።